ሰባት ቤት ተቆጥሮ ተጋብተው የዘር በሽታ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። 11 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሲሮጥ መውደቅ ጀመረ። ቀዥቃዣ ስለሆነ ነው ብለን ዝም አልን። አሁን ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ጽሕፈቱም አይነበብም። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ካልያዘ መቆም አይችልም። ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ወደ ፊት ይደፋል። ሰፈር ውስጥ ‹ጠጥቶ ነው፣ ቅሞ ነው› ይሉታል። ጸበልም ወስደነዋል። በቅርቡ ያየው ሐኪም ‹በዘር የሚተላለፍ አታክሲያ ነው፤ ፍሬድራይክ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም› አለን። ግን እናትና አባቴ ጤነኞች ናቸው። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋቡት። በሁለቱም ወገን እንዲህ የሆነ ሰው አልነበረም። አሁን የአባቴ ዘመዶች የእናቴን ወገን፣ የእናቴ ዘመዶች የአባቴን ወገን እየወቀሱ ቤታችን ሰላም አጥቷል። እውነት የዘር ከሆነ ከማን መጣ? የ9 ዓመት እህታችንስ ያሰጋታል? እኔ 25 ዓመቴ ነው፤ ለማግባት እየተዘጋጀሁ ነው። ለእጮኛዬ ምን ልበለው? መድኃኒትስ አለው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ነው። ቤታችሁን ካመሰው ልጀምር።

አታክሲያ ማለት እንቅስቃሴን ማስተባበርና ሚዛን መጠበቅ ሲያቅት ነው። ሐኪሙ እንደጠረጠረው ፍሬድራይክ አታክሲያ ከሆነ፣ የመጣው ከሁለቱም ነው። ግማሹ ከእናትሽ፣ ግማሹ ከአባትሽ። ከአንድ ወገን ብቻ መጥቶ ይህን በሽታ ማምጣት አይችልም። «የእናንተ ዘር ነው» እየተባባሉ የሚወቃቀሱት ዘመዶቻችሁ ሁለቱም ተሳስተዋል። ወይም እንበል፣ ሁለቱም እኩል ልክ ናቸው። ይህን ለአክስትና ለአጎት ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነገሩ ከገባሽ አንቺ ታስረጃቸዋለሽ።

ጂን ከወላጅ የምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ ነው። እያንዳንዳችን የአብዛኛው ጂናችን ሁለት ቅጂ አለን። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለዚህ በሽታ ተጠያቂው ጂን ኤፍኤክስኤን ይባላል፤ የሚገኘውም 9ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ከሆነ ሰውየው ምንም አይሆንም። ይሮጣል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፤ የተበላሸ ቅጂ መያዙን ሳያውቅ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ሰው ተሸካሚ እንለዋለን። ተሸካሚው ተሸካሚ ያልሆነ ሰው ካገባ ከልጆቹ አንድም የሚታመም የለም። በግምት ግማሾቹ ግን እንደ እሱ ተሸካሚ ይሆናሉ። በዚህ መንገድ የተበላሸው ቅጂ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። ማንም አያየውም። የሚታየው ሁለት ተሸካሚዎች የተገናኙ ዕለት ነው።

እነሱ ሲወልዱ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተበላሹ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ተሸካሚ ብቻ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ከሁለቱም ደህናውን የመውረስ ዕድሉ ደግሞ ከአራት አንድ። «ከአራት አንድ» ሲባል አንዱ ከታመመ ቀሪዎቹ ሦስቱ ተረፉ ማለት አይደለም። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ነው የሚወጣው። አራት ወልደው ማንም ያልታመመባቸው አሉ። ሁለት ወልደው ሁለቱም የታመሙባቸውም አሉ። ወንድና ሴት ልጅን እኩል ነው የሚይዘው።

«በዘራችን እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚለው ነገር ታዲያ በሽታው የዘር አለመሆኑን አያሳይም። እንዲያውም በዚህ ዓይነት ውርስ የተለመደው ይኼው ነው፤ ወላጆች ጤነኛ፣ አያቶች ጤነኛ፣ ከልጆች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ሕመምተኛ። አያትና አባት ላይ ታይቶ ልጅ ላይ ቢደገም ኖሮ እኔም ሌላ በሽታ ነበር የምጠረጥረው።

አሁን ሰባት ቤት። እኔ ይህን ባህል በጣም ነው የምወደው፤ በሕክምና ዓይንም ቁም ነገር አለው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ ከአንድ አያት የወረዱ ተመሳሳይ ቅጂዎች የመገናኘት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ያ ዕድል እየሳሳ ይሄዳል። ግን የሚያጠፋው በዘመድነት የሚመጣውን ትርፍ አደጋ እንጂ አደጋውን ሁሉ አይደለም። በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ በግምት ከ60 እስከ 100 ሰው አንዱ የዚህ ጂን ተሸካሚ ነው። እነዚህ ሰዎች አይዛመዱም። ወይም የሚዛመዱት ማንም ቆጥሮ በማይደርስበት ጥንት ነው። ወላጆችሽ ማድረግ ያለባቸውን አድርገዋል፤ ያጎደሉት ነገር የለም።

ወደ በሽታው ልግባ። እንዲህ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ስታውቂ የወንድምሽ ነገር ሁሉ ይገጥምልሻል።

ስሙን ያገኘው ከኒኮላውስ ፍሬድራይክ ነው። ሃይደልበርግ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ልጅነት ሳያልፍ ስለሚጀምር መንገዳገድ ጻፈ። ጂኑ እስኪገኝ ግን ከ130 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የተገኘው በ1996 ነው። ያን ጊዜ የታየው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። ጥፋቱ ፕሮቲኑ በሚጻፍበት የጂኑ ክፍል ላይ አልነበረም። ከመካከል በሚገኝ፣ ትርጉም የሌለው በሚመስል ክፍል ላይ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት፣ ጂ፣ ኤ እና ኤ፣ ይደጋገማሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ33 ያህል አይበልጥም። ሕመምተኛው ላይ ግን ከ66 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ብዙዎቹ ላይ ከ600 በላይ ነው። ሴሉ ጂኑን ሊያነብ ሲመጣ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ተጨማደደ የካሴት ክር ይንቀረፈፍበታል። ንባቡ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ግን የሚወጣው ፕሮቲን በጣም ያንሳል።

ያ ፕሮቲን ፍራታክሲን ይባላል። ሥራው ሴሉ ኃይል በሚያመርትበት ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ብረትና ሰልፈር ተገጣጥመው ለኃይል ማምረቻው የሚያስፈልጉ ቁርጥራጮች እንዲሠሩ ያግዛል። ፍራታክሲን ሲያንስ ኃይል ያንሳል፤ ቦታውን ያጣው ብረት ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ይከማቻል፤ ሴሉም እየተጎዳ ይሄዳል። «ብረት ይከማቻል» ስላልኩ የወንድምሽን ምግብ እንዳትቀንሺበት። ጤፍ አይብላ የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። ይህ ከምግብ በሚገኝ ብረት የሚመጣ ነገር አይደለም።

ኃይል ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ኃይል የሚፈልገው ነው። ረጃጅም ነርቮች፣ የልብ ጡንቻ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት (ፓንክሪያስ) ሴሎች። በሽታው የነርቭ ተብሎ ሲያበቃ ልብና ስኳር ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

የጻፍሽው የመብራትና የፊት መታጠብ ነገር ለእኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁ ነው። እግራችን የት እንዳለ ሳናየው የምናውቀው ከእግር ተነስተው በኅብለ ሰረሰር ጀርባ በኩል ወደ አንጎል የሚወጡ ወፋፍራም ነርቮች ስለሚነግሩን ነው። የእነዚህ ነርቮች መነሻ ሴሎች ከኅብለ ሰረሰር ጎን ተደርድረዋል። ፍሬድራይክ ቀድሞ የሚያጠቃው እነሱን ነው። ልጁ ከእግሩ ወሬ አይደርሰውም። ስለዚህ በዓይኑ ይተካዋል፤ ወለሉን እያየ ይቆማል፣ እያየ ይራመዳል። መብራት ሲጠፋ ወይም ሳሙና ፈርቶ ዓይኑን ሲጨፍን ግን የቀረችው መተማመኛ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ይወድቃል። እኛ ምርመራ ክፍል ውስጥ እግርህን ገጥመህ ቁም፣ ዓይንህን ጨፍን ብለን የምናየውን እናንተ ቤት መታጠቢያው ጋ ስታዩት ከርማችኋል።

ከዚያ ላይ ትንሹ አንጎል አለ፤ ከጭንቅላት በስተኋላ ያለው ሴሬቤለም። እንቅስቃሴን የሚመጥነው እሱ ነው። ወደ እሱ የሚገባውና ከእሱ የሚወጣው መስመር ሲጎዳ እጅ ብርጭቆ ለማንሳት ሲዘረጋ ያልፈዋል፤ ፊደል ከመስመር ይወጣል፤ ንግግር ይቆራረጣል፣ ይጎተታል። ጡንቻው መጀመሪያ ላይ አልደከመም። ወንድምሽ ኃይል አለው፤ ኃይሉን ልክ ማስያዝ ነው ያቃተው።

ሐኪሙ ሲመረምረው ጉልበቱን በጎማ መዶሻ መትቶ እግሩ ፈንጠር እንዳላለ አይቶ ይሆናል። የውስጥ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣት ሲጭረው ደግሞ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተቃንቶ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው ያልተለመደ ነው። የመጀመሪያው ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያለው ነርቭ መጎዳቱን፣ ሁለተኛው ከአንጎል የሚወርደው መስመር መጎዳቱን ይናገራል። ሁለቱንም ባንዴ የሚያመጡ በሽታዎች ጥቂት ናቸው፤ ፍሬድራይክ አንዱ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሌላው ነው። ይህቺን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጫማውንም አውልቀሽ እዪው። ብዙዎቹ ላይ የውስጥ እግር ቅስት ከፍ ይላል፣ ጣቶቹም ይጠመዘዛሉ። ሸሚዙን አውልቆ ጎንበስ ሲል ጀርባው ወደ አንድ ወገን ጎበጥ ካለ የጀርባ አጥንቱ ተጣሟል ማለት ነው። አንዳንድ ልጅ መንገዳገዱ ሳይታወቅ በጀርባው መጣመም ብቻ የአጥንት ሐኪም ጋ ሲመላለስ ይከርማል። እያደር መስማትና ማየት የሚቀንስባቸውም አሉ።

የሚጀምረው ባብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከ25 ዓመት በኋላ የሚጀምራቸውም አሉ፤ እነሱ ላይ ቀስ ይላል። ከሁለቱ የተበላሹ ቅጂዎች አጭሩ ላይ ድግግሞሹ በረዘመ ቁጥር በሽታው ቶሎ ይጀምራል። ደብቄሽ አልልፍም፤ ፍሬድራይክ እየጨመረ የሚሄድ በሽታ ነው። በአማካይ ከጀመረ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ዊልቸር ያስፈልጋቸዋል። አማካይ ነው እንጂ የወንድምሽ ቀጠሮ አይደለም። አእምሮው ግን አብሮት ነው። ሰው ንግግሩ ሲጎተት ሰምቶ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ ሲያናግረው እየሰማ፣ እየገባው፣ እየተናደደ ነው። ይህን ለሰፈሩም ለመምህራኑም ንገሪልኝ።

እዚህ ጋ ግን ቆም ልበል። ሐኪሙ ያላችሁ «ሳይሆን አይቀርም» ነው። በእኔ እምነት «ሳይሆን አይቀርም» የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ፍሬድራይክ በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በህንድ ይታያል። ከሰሃራ በታች ባሉ ሕዝቦች ዘንድ ብርቅ ነው፤ እኛ የምንኖረው ደግሞ የእነዚህ ዓለማት መገናኛ ላይ ነው። ስለዚህ ስሙን ዝም ብሎ መጣልም፣ ዝም ብሎ መቀበልም አይገባም። በተለይ ፍሬድራይክን የሚመስሉና የሚታከሙ ነገሮች ስላሉ።

አንደኛው እንቅልፍ ሊነሳን የሚገባ ነው። በዘር የሚመጣ የቫይታሚን ኢ እጥረት አለ። ይህም ከሁለቱም ወላጆች ነው የሚወረሰው፤ ጂኑ ግን ሌላ ነው፣ 8ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ። ሰውየው ቫይታሚን ኢ ይበላል፣ አንጀቱም ይቀበለዋል፤ ጉበቱ ግን መልሶ ወደ ደም ማሰራጨት አይችልም። ነርቮቹም ይራባሉ። መንገዳገዱ፣ የጉልበቱ ምት መጥፋቱ፣ የንግግሩ መጎተት፣ የሚጀምርበት ዕድሜ ሁሉ ከፍሬድራይክ ጋር አንድ ነው። ጭንቅላት የሚነቀነቅበት፣ ማታ ማታ ዓይኑ የሚደክምበት ሰው ሲሆን ይበልጥ እንጠረጥራለን፤ ግን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ሰሜን አፍሪካ፣ በተለይ ቱኒዚያና ሞሮኮ ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? ይህኛው መድኃኒት አለው። በሐኪም ክትትል ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ዕድሜ ልክ ከተወሰደ በሽታው ይቆማል፤ አንዳንዱም ይሻሻላል። በዘገየ ቁጥር ግን የጠፋው አይመለስም።

ስለዚህ ወንድምሽ ሌላ ምንም ሳይደረግለት በፊት የደሙ ቫይታሚን ኢ ይለካ። ሐዋሳ ውስጥ የማይሠራ ከሆነ ናሙናውን አዲስ አበባ የሚልክ ላብራቶሪ ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጉዳት የለውም» ብላችሁ ከፋርማሲ ቫይታሚን ኢ ገዝታችሁ ደሙ ሳይቀዳ እንዳትጀምሩ። ውጤቱ ይበላሽና ተመልሰን ጨለማ ውስጥ እንገባለን። ደሙ ይቀዳ፣ ከዚያ ሐኪሙ ይወስን።

ቢ12ንም አብረው ይለኩለት። ሥጋና ወተት እምብዛም በማይገባበት ቤት ወይም አንጀቱ በማይቀበል ሰው ላይ ይወርዳል፤ ሕክምናውም መርፌ ነው፣ ውድ አይደለም። የእንቅርት ሆርሞንም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ኖሮት ፌኒቶይን ይወስድ ከነበረ ተናገሩ፤ መጠኑ ሲበዛ ያንገዳግዳል። በእርግጥ ወንድምሽ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ስለጨመረ የዘር የመሆን ዕድሉ ሚዛን ይደፋል። ግን እነዚህ ምርመራዎች ቀላል ስለሆኑ የሚዘለሉበት ምክንያት የለም።

ኤምአርአይ ተነስቶ ከሆነ ፊልሙን ፈልጉት። ፍሬድራይክ ሲጀምር ትንሹ አንጎል ብዙ አይሟሽሽም፤ የሚሳሳው አንገት ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር ነው። ትንሹ አንጎል ገና ከጅምሩ በጣም ካነሰ ሌላ ነገር ማሰብ አለብን። ሌላ የምለው ከ40 በላይ የሚሆኑ፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረሱ አታክሲያዎች ስላሉ ነው። እነሱ ላይ አባት ወይም እናት ራሳቸው ይታመማሉ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ዕጣም ከሁለት አንድ ነው። አንዳንዶቹ ልጅ ላይ ከአባቱ ቀድመው ይጀምራሉ፤ ስለዚህ አሁን ጤነኛ የሚመስል ወላጅም በነርቭ ሐኪም አንዴ ቢታይ አይከፋም። ገና ዳዴ እያለ መንገዳገድ የጀመረ፣ የዓይኑ ነጭ ላይ ቀያይ ክሮች የሚታዩበትና ሳንባው ቶሎ ቶሎ የሚታመም ሕፃን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ወንድምሽ ከዚያ ውስጥ አይደለም።

የጂን ምርመራ አቅም ካላችሁ ወይም የሚያግዝ ካገኛችሁ ነገሩን ይቆርጠዋል። ናሙናው ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚላከው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዴ ሲላክ ትክክለኛው ይላክ። ጂኖችን በጅምላ የሚያነበው ዘመናዊ ምርመራ፣ «ኤክሶም» የሚሉት፣ ይህን የጂ፣ ኤ፣ ኤ ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ብዙ ብር ተከፍሎበት «ምንም አልተገኘም» ይባልና ቤተሰብ ግራ ይጋባል። የሚታዘዘው በተለይ የኤፍኤክስኤን ድግግሞሽ መለኪያ ነው። ማዘዣው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የጂን ውጤት እስኪመጣ ግን ልቡ አይጠብቅም። በፍሬድራይክ ሰውን ቶሎ የሚወስደው ከነርቩ ይልቅ ልቡ ነው። የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ ሕመምተኛው ላይሰማውም ይችላል። ኢሲጂና ኢኮ የሚባሉት የልብ ምርመራዎች ሐዋሳ ይሠራሉ፤ አሁን ይሠራለት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ልቡ በኃይል ከመታ፣ ካፈነው ወይም ራሱን ከሳተ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከማደንዘዣ በፊት ልቡ መታየቱን አረጋግጡ። በጾሙ የሚለካ ስኳርም በየዓመቱ። ውኃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከመላለሰው ዓመቱን አትጠብቁ።

መድኃኒት አለው ወይ ላልሽው፣ ጂኑን የሚያስተካክል እስካሁን የለም። ኦማቬሎክሶሎን የሚባል እንክብል በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በ2024 ደግሞ በአውሮፓ ተፈቅዷል። ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። የበሽታውን ጉዞ ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ጉበትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ደም እየታየ ነው የሚወሰደው። አሜሪካ ውስጥ የወጣለት ዋጋ በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ቁጥር የጻፍኩት ላስከፋሽ አይደለም። «እኔ በርካሽ አመጣላችኋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ እንድታውቂበት ነው። በስቴም ሴል ያድናሉ ለተባለ ክሊኒክም ቤት አትሽጡ። በሽታውን ማዳኑ የተረጋገጠ እንዲህ ያለ ሕክምና የለም።

ያለውና የሚረዳው ፊዚዮቴራፒ ነው። ይህን የምለው መድኃኒት ስላጣሁ እንዳይመስልሽ። ሚዛንን፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን፣ የቁርጭምጭሚትን መላላት በየቀኑ መሥራት የሚራመድበትን ጊዜ ያራዝማል። የሚንሸራተት ሲሊፐር ይቅር፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ በክር የሚታሰር ጫማ ያድርግ። መታጠቢያው ጋ ወንበርና የሚይዘው ብረት አድርጉለት፤ ፊቱን ተቀምጦ ይታጠብ። ሌሊት የሚነሳበት መንገድ ላይ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይኑር። ሐይቁ ውስጥ ብቻውን አይግባ፤ ውኃ ውስጥ ዓይን ሲጨፈን የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ ሊጠፋበት ይችላል። ሲበላና ሲጠጣ ትን የሚለው ከሆነ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ። ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ምድር ቤት ያለ ክፍልና ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ጠይቁ። ያቺ ደብዳቤ ኪሱ ውስጥም ትቀመጥ። ባጃጅ አልጭን ላለውም፣ መንገድ ላይ «ሰክረሃል» ላለውም ትጠቅማለች።

ጸበሉን አትተዉ አልልም። ሐኪም የጀመረለትን ግን አታቋርጡበት፤ ረጅም መንገድ በእግሩ አታስኬዱት።

ወደ ታናሽ እህታችሁ ልምጣ። ወንድሟ ፍሬድራይክ ከሆነ፣ ስትወለድ የእሷም ዕጣ ከአራት አንድ ነበር። አሁን 9 ዓመቷ ነው፤ የሚጀምርበት ዕድሜ ገና አላለፈም። ትሮጣለች? ገመድ ትዘላለች? ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች? ይህን ጨዋታ እያስመሰላችሁ እዩ። ምልክት ከሌላት ግን የጂን ምርመራ አሁን እንዲደረግላት አልመክርም። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን በዚህ ዕድሜ የምንሰጣት የሚከላከል መድኃኒት የለም፤ ልጅነቷን ግን ይወስድባታል። አድጋ ራሷ ትወስን። ምልክት ከታየ ያ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ወዲያው ትመርመር። የወንድሟ ቫይታሚን ኢ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን የምለው ሁሉ ይገለበጣል። ምንም ምልክት ባይኖራትም በዚያው ሳምንት ደሟ ይለካ፤ እሷ ላይ በሽታው ከመጀመሩ በፊት ማስቀረት ይቻላልና።

አንቺስ? 25 ዓመትሽ ነው፤ ጤነኛ ነሽ። ከጤነኞቹ ሦስት ዕጣዎች ሁለቱ የተሸካሚ ስለሆኑ ተሸካሚ የመሆን ዕድልሽ ከሦስት ሁለት ነው። ስትሰሚው ትልቅ ይመስላል። ግን ልጅሽ እንዲታመም እጮኛሽም ተሸካሚ መሆን አለበት። በአውሮፓ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር፣ ከ60 አንዱን፣ ብንወስድ እንኳ ሁለት ሦስተኛን በአንድ ስልሳኛ፣ ያንን በአንድ አራተኛ ስታባዢው ከ360 አንድ ይመጣል። እጮኛሽ ዘመድሽ እስካልሆነ ድረስ በዚህ ምክንያት ጋብቻ የሚፈርስበት ነገር የለም። የወንድምሽ በሽታ በጂን ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ አንቺ መመርመር ትችያለሽ። ነፃ ከሆንሽ እሱ መመርመርም አያስፈልገውም።

ንገሪው ወይስ ደብቂ ለሚለው፣ ንገሪው ነው የምለው። ግን አሁን አይደለም። ዛሬ ብትነግሪው የምትነግሪው ጥርጣሬ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሳይለይ «ዘራችን ውስጥ አለ» ብለሽ ብትጀምሪ የሰማው ለእናቱ፣ እናቱ ለጎረቤት ይሉና መልሰሽ የማትሰበስቢው ወሬ ይሆናል። የደም ውጤቶቹ ይምጡ፤ ከዚያ ሁለታችሁ አብራችሁ ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብላችሁ ስሙት። የእናትሽንና የአባትሽን ወገን ሽማግሌ ይዘሽ ብትሄጂ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የቫይታሚን ኢው ውጤት ሲደርስሽ ቁጥሩን ከነመለኪያው፣ የላብራቶሪውን መደበኛ ልክም ጨምረሽ ጻፊልኝ። ዝቅ ካለ የወንድምሽን ኪሎም አብረሽ ላኪ፤ የመድኃኒቱን መጠን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር የምንነጋገረው በእሱ ነው።